ድረ ገጽን እንደ ጽሕፈት ማስተማር

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን መርሐ ግብር ይፋ ካደረገች ወዲህ ኮዲንግ የሚለው ቃል ከባለሙያዎች ክበብ ወጥቶ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚነሳ ሆኗል። በኢንተርኔት በነጻ ከሚሰጡት ኮርሶች መካከል የፕሮግራሚንግ መሠረታውያን፣ ዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ይገኙበታል። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ብዙ ወጣትም ይጠቀምበታል። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድምና የሚቀል፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ሊይዘው የሚችል አንድ ችሎታ አለ፤ ቀላል ድረ ገጽ መሥራት። በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መማሪያ ውስጥ ድረ ገጽ ዝግጅት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ስላለው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ በአሶሳ ያደገም ሆነ ከሌላ አካባቢ የመጣ የመሰናዶ ተማሪ ስሙን ሰምቶታል። የሚሰማው ግን ለኮምፒውተር ሳይንስ እንደሚያዘጋጅ መግቢያ ነው፤ ለፈተና ይሸመደድና ይረሳል። በእኔ እምነት ይህ ትምህርት ቦታው ሌላ ነው። ቀላል ድረ ገጽ መሥራት የጽሕፈት አንድ ክፍል ነው፤ ደብዳቤና ማመልከቻ መጻፍ በሚሰጥበት መንፈስ፣ ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ፣ ስለሚያውቀው አካባቢ እየጻፈ ሊማረው ይገባል። እንደ ጽሕፈት ስናስተምረው ለብዙ ሰው ይደርሳል፤ እንደ ምህንድስና ስናስተምረው ለጥቂቶች ይቀራል።

ነገሩ ከመነሻው ጽሕፈት እንደነበረ ታሪኩ ይመሰክራል። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሐሳቡን ሲያቀርብ የተነሳለት ችግር የሰነድ ችግር ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ የጻፉት ነገር በየኮምፒውተሩ ተበታትኖ ይቀራል። መፍትሔው አንዱን ጽሑፍ ከሌላው ጋር የሚያያይዝና የትኛውም ኮምፒውተር የሚያነበው ቀላል የአጻጻፍ ስልት ሆነ፤ ኤችቲኤምኤል ይባላል። በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ የነበሩት ምልክቶች ሃያ አይሞሉም ነበር። አብዛኞቹም ጸሐፊ ሁሉ የሚያውቃቸውን ነገሮች የሚያመለክቱ ናቸው፤ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ ንዑስ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ዝርዝር ነው፣ ይህ ወደ ሌላ ጽሑፍ ይወስዳል። ሰርን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1993 ይህን ሁሉ ያለ ምንም ክፍያ ለዓለም ሕዝብ ለቀቀው። ዛሬ የምልክቶቹ ቁጥር ከመቶ በላይ ደርሷል፤ ሆኖም ለአንድ ቀላል ገጽ ከአሥራ አምስት በላይ አያስፈልግም።

ሥራው በተግባር ይህን ይመስላል። ተማሪው በየትኛውም ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ኖትፓድ ይከፍታል። «የአሶሳ ማንጎ» ብሎ ይጽፍና ከፊትና ከኋላው በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ኤች አንድ የሚለውን ምልክት ያስቀምጣል፤ ከኋላ ያለው ምልክት መዝጊያ መሆኑን አንዲት እዝባር ትናገራለች። ከሥሩ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይጽፍና በፒ ምልክት ያቅፋቸዋል፤ አንቀጽ ሆኑ ማለት ነው። ፋይሉን መጨረሻው ነጥብ ኤችቲኤምኤል በሆነ ስም ያስቀምጣል፤ ሁለቴ ጠቅ ሲያደርገው በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ይከፈታል። ርዕሱ ጎላ ብሎ፣ አንቀጹ ከሥሩ ተዘርግቶ ይታያል። ፕሮግራም አልተጫነም፣ ኢንተርኔት አልተከፈተም፣ ገንዘብ አልወጣም። መዝጊያውን ምልክት ቢረሳ እንኳ አሳሹ የቻለውን ያህል ያሳየዋል እንጂ «ስህተት» ብሎ በሩን አይዘጋበትም፤ አሳሾች ያልገባቸውን ምልክት አልፈው የቀረውን እንዲያሳዩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ከፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች የሚለይበት ትልቁ ነጥብም ይህ ይመስለኛል። በእነዚያ አንድ ምልክት ሲጎድል ሥራው ሁሉ ሊቆም ይችላል፤ ጀማሪም ከዚያ በኋላ ራሱን ይጠራጠራል። እዚህ ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ የሠራውን በዓይኑ ያየዋል።

ገጹን የማስዋቡ ሥራ ለብቻው ነው። ኖርዌያዊው ሆኮን ቪየም ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው፣ በታኅሣሥ 1996 የመጀመሪያው እትም የጸደቀው ሲኤስኤስ ይባላል። ዋናው ሐሳብ የጽሑፉ ይዘት በአንድ በኩል፣ መልኩ በሌላ በኩል ይቀመጥ የሚል ነው። ርዕሱ ርዕስ መሆኑን ኤችቲኤምኤል ይናገራል፤ ምን ያህል እንደሚተልቅ፣ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚይዝ፣ ከአንቀጹ ምን ያህል እንደሚርቅ ሲኤስኤስ ይወስናል። ሃምሳ ገጾች ቢኖሩና የሁሉም ርዕስ ቀለም እንዲቀየር ቢፈለግ የሚነካው አንድ መስመር ብቻ ነው። ጀማሪን የሚያደክመውም ይኸው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ሲኤስኤስ ሲሳሳቱበት ዝም ይላል። በአንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ሴሚኮለን የምትባለው መለያ ምልክት ከጎደለች ያ መስመርና ቀጣዩ አብረው ሥራ ያቆማሉ፤ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ቀለሙ አለመቀየሩ ብቻ ይታያል። መምህር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። «ያልሠራውን መስመር ሳይሆን ከእሱ በላይ ያለውን ተመልከት» የሚል አንድ ምክር ብዙ ምሽት ያድናል።

በዚህ ላይ የሚቀርበው የመጀመሪያ ተቃውሞ በቂ ምክንያት አለው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያለበት የጉባ ወረዳ ይገኛል፤ ያም ሆኖ በክልሉ መብራትና ኢንተርኔት በአስተማማኝ የማይገኙባቸው ብዙ ቀበሌዎች አሉ፤ ኮምፒውተር የሌለው ትምህርት ቤትም ብርቅ አይደለም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ስለ ድረ ገጽ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው ትምህርቱ በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ቢሆን ነበር። አይደለም እንጂ። ገጽ የሚጻፈውም የሚታየውም ያለ ኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ገጹን ለዓለም ለማድረስ ሲፈለግ ብቻ ነው። ክብደቱም አስቡት። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ቃላት ያሉት የአማርኛ ጽሑፍ ወደ 40 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ ሦስት ሜጋባይት ቢሆን ከዚያ ጽሑፍ ሰባ እጥፍ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ጽሑፍ ብቻ ያለው ገጽ በደካማ መስመርም ይደርሳል፤ መስመር በሌለበት ቦታም በፍላሽ ወይም በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ያልፋል። ኮምፒውተር ከሌለ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ጽሑፍ መጻፊያ መተግበሪያ ጭኖ ይኸንኑ መሥራት ይቻላል፤ ጣት ያደክማል፣ ቅንፎቹን መፈለግ ያሰለቻል፣ ነገር ግን ይሠራል። ከላይ የጠቀስኳቸው በኢንተርኔት የሚሰጡ ኮርሶች ግን የሚሠራ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ለአሶሳ ዙሪያ የሚስማማ የቴክኖሎጂ ትምህርት ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንኑ ነው።

በአማርኛ መጀመር አለበት ስል ስሜት ብቻ ይዞኝ አይደለም፤ ፊደላችን በድረ ገጽ ላይ እንዲነበብ የተከፈለው ዋጋ ትልቅ ነው። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን በዚያን ጊዜ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ዓለም የጋራ ቁጥር አልነበረውም። እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ለፊደላቱ የራሱ የቁጥር አሰጣጥ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። አማርኛ ለማንበብ አንባቢው መጀመሪያ የጸሐፊውን ፎንት አውርዶ መጫን ነበረበት፤ አንዳንዶች ጽሑፋቸውን እንደ ሥዕል ለጠፉት። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን፣ ግዕዝን በላቲን ቁልፎች የመወከያ ሥርዓት ያዘጋጁት በዚያ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደላት ቋሚ ቁጥር ሰጣቸው፤ ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ በእጃችን ያለ ስልክ ሁሉ አማርኛን የሚያነብበው ከዚያ ሥራ የተነሳ ነው። ሆኖም ያለፈው ዘመን አልለቀቀንም። በየመሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ አሰጣጦች የተተየቡ ሰነዶች ዛሬም አሉ፤ እነዚህ በቀጥታ ተቀድተው ወደ ድረ ገጽ ሲገቡ ፊደሉ ይጠፋል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን በገጹ አናት ላይ አጻጻፉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ካልተነገረ አንዱ ፊደል ሦስት እንግዳ ምልክት ሆኖ ሊበታተን ይችላል፤ ሦስት የሚሆነው ቀደም ብዬ በጠቀስኳቸው ሦስት ባይቶች የተነሳ ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ የተለማመደ ተማሪ ይህን ችግር አንድም ቀን አያየውም፤ የእንግሊዝኛ ፊደል በተለመዱት አሰጣጦች አይበላሽበትምና። በኋላ የቀበሌውን ማስታወቂያ በአማርኛ አዘጋጅ ሲባል ግን የሚገጥመው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

የማስዋቡ ክፍል ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። በዓለም ላይ ያሉ ዝግጁ የገጽ ንድፎች በአብዛኛው የተሠሩት በላቲን ፊደል ለሚጽፉ ሰዎች ነው። ርዕስን በትላልቅ ፊደላት ያጎላሉ፣ ሊያተኩሩበት የፈለጉትን ቃል ያጋድላሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም፤ ስለዚህ ያ ትእዛዝ በአማርኛ ርዕስ ላይ ምንም አያመጣም። ማጋደልም የግዕዝ ልማድ አይደለም፤ አሳሹ በግድ ሲያጋድለው ፊደሉ የወደቀ ይመስላል፣ ለማንበብም ያስቸግራል። በብራና መጻሕፍት ቁም ጸሐፊዎች ቅዱስ ስምን ወይም የምዕራፍ መጀመሪያን የሚለዩት በቀይ ቀለም ነበር። ይህ ለዘመናት የተፈተነ መፍትሔ በሲኤስኤስ አንድ መስመር ነው፤ ለማጉላት የታሰበው ቃል ጠቆር ያለ ቀይ ቀለም ይያዝ፣ አይጋደል። የመስመር ርቀትም እንዲሁ። ፊደላቶቻችን ብዙዎቹ ሙሉ ቁመት የያዙና ጥቅጥቅ ያሉ በመሆናቸው ለእንግሊዝኛ በቂ የሆነው ርቀት ለአማርኛ ያፍናል፤ ላይን-ሃይት የሚባለውን መጠን ወደ 1.8 ከፍ ማድረግ፣ የፊደሉንም መጠን 18 ፒክስል አካባቢ ማድረግ ንባቡን ወዲያው ያቀለዋል። ጋዜጦቻችን እንደሚያደርጉት ሁለቱን ዳር እኩል ማድረግ ደግሞ በስልክ ጠባብ ገጽ ላይ በቃላት መካከል ትላልቅ ክፍተት ይፈጥራል፤ የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ አሳሹም ቃሉን ከመሃል ቆርጦ ወደ ቀጣዩ መስመር አያሻግርም። ግራውን ዳር ብቻ ማስተካከል ይሻላል። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ-ሦስት-ሲ ስለ ግዕዝ አጻጻፍ ሥርዓት ራሱን የቻለ ሰነድ አዘጋጅቷል። በሲኤስኤስ ውስጥም ዝርዝርን በራሳችን ቁጥሮች፣ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ የሚቆጥር ኢትዮፒክ-ኑሜሪክ የተባለ ትእዛዝ አለ። ብዙ የድረ ገጽ ባለሙያዎቻችን ይህን ሲጠቀሙበት አይታይም፤ ይህ የሚያሳዝነኝ ነው። መሣሪያው ተሠርቶ ተቀምጧል፤ የጎደለው በአማርኛ የጀመረ ተማሪ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቴሌግራምና ፌስቡክ እያሉ ገጽ ምን ያደርጋል የሚል ነው። ሰው የሚውልባቸው ቦታዎች እነዚያ ናቸው፤ መልእክት በደቂቃ ውስጥ ለሺዎች ይደርሳል። ለዜናና ለማስታወቂያ ይህ በቂ ነው፤ ለዕውቀት ግን አይበቃም። የማንጎን ጉዳይ እንውሰድ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በማንጎው የታወቀ ክልል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የተመዘገበው ነጩ የማንጎ ተባይ በኋላ ወደ ምዕራቡ ክፍል ተስፋፍቶ የአሶሳ አካባቢንም ደርሷል። ተባዩ በቅጠሉ ላይ ነጭ ክብ ቅርፊት መስሎ ይጣበቃል፣ ቅጠሉን ያቢጫል፣ በፍሬው ላይ ሐምራዊ ነጥብ ጥሎ ዋጋውን ያሳጣል። የተጎዳ ቅርንጫፍ መቁረጥና የዛፉን ውስጥ አየር እንዲገባው ማሳሳት ከሚመከሩት ነገሮች ናቸው። ይህን አንድ የግብርና ባለሙያ በቴሌግራም ቢጽፈው ዛሬ ብዙ ሰው ያነበዋል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከመቶ መልእክት በታች ተቀብሯል። በመጪው ዓመት ማንጎው ሲያብብ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ያየ ገበሬ ወይም የገበሬ ልጅ በጉግል ላይ በአማርኛ ቢፈልግ አያገኘውም። ገጽ ግን አድራሻ አለው፤ በዚያ አድራሻ ይቆያል፣ ይታረማል፣ ፈልጎ የመጣ ያገኘዋል። የመጀመሪያው የሰርን ገጽ ዛሬ በአዲስ ስልክ ላይ ሲከፈት ያለ ችግር ይነበባል። በአማርኛ ውክፔዲያ ላይ ያሉት ጽሑፎች 15 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው፤ እንግሊዝኛው ከስድስት ሚሊዮን ያልፋል። ይህን ልዩነት የሚሞላው ስለ አሶሳ ማንጎ፣ ስለ ክልሉ የቆላ ቀርከሃ፣ በአካባቢው ስለሚበላው የቀርከሃ ለጋ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያ ሰው በአብዛኛው ያለው በክልሉ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የቋንቋ ነው። ምልክቶቹ የእንግሊዝኛ አጽሕሮት ናቸው፣ ጥሩ ጥሩዎቹ ነጻ መማሪያዎችም፣ የሞዚላው ኤምዲኤን፣ ፍሪኮድካምፕ፣ ደብልዩ-ሦስት-ስኩልስ፣ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ እንግዲያው መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ማጠናከር አይሻልም? የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ላቲን ሳያውቅ የሶዲየም ምልክት ኤን-ኤ መሆኑን ይይዛል፤ ምልክቱን ለመጠቀም ቋንቋውን ማወቅ አላስፈለገውም። የድረ ገጹም አሥራ አምስት ምልክት እንደዚያው ይያዛል። የሚከብደው ምልክቱ ሳይሆን ማብራሪያው ነው፤ ማብራሪያውን በአማርኛ መስጠት ደግሞ የመምህሩና የመጽሐፍ አዘጋጁ ፈንታ ነው። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ወር ያህል በየትምህርት ቤቱ ቢያሰማራ ይህን የሚያዘጋጅ ሰው አይጠፋም። ነገሩ በአማርኛም ላይ አያበቃም። በክልሉ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ አሉ፤ የበርታ ቋንቋ ለምሳሌ በላቲን ፊደል ይጻፋል። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ገጹ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ የሚናገር አንድ ቃል ይገባል። ለአማርኛ ኤ-ኤም ነው፤ ለበርታ ደብልዩ-ቲ-አይ፣ ለጉሙዝ ጂ-ዩ-ኬ፣ ለሺናሻ ቢ-ደብልዩ-ኦ። እነዚህ ዓለም አቀፍ መለያዎች ከተሰጡ ቆይተዋል። በጉሙዝኛ የተጻፈ አንድ አጭር ገጽ ይህን መለያ ይዞ ሲወጣ ለቋንቋ ተመራማሪዎች ያ ቋንቋ የተጻፈ ነገር እንዳለው የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይሆናል። እንዲህ ያለ ገጽ እንዲወጣ የሚሠራው የቋንቋው ተናጋሪ የሆነ የመሰናዶ ተማሪ ከሆነ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ዛሬ በጣም የሚነሳው ተቃውሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በአንድ ዐረፍተ ነገር ትእዛዝ ሙሉ ገጽ በሰከንዶች የሚጽፉ መሣሪያዎች አሉ፤ ከእነሱ በፊትም ዎርድፕረስን የመሳሰሉ ዝግጁ መገንቢያዎች ነበሩ። ታዲያ በእጅ መጻፍ ለምን? በዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። መሣሪያዎቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ጀማሪ ሲቸገር «ይህ መስመር ለምን አልሠራም?» ብሎ ቢጠይቃቸው ጥሩ አስተማሪ ይሆኑለታል። ነገር ግን የሚያዘጋጁት ገጽ በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ገጾች የተማሩትን መልክ ይዞ ይመጣል፤ ከላይ ያልኳቸው የታፈነ የመስመር ርቀት፣ የተጋደለ ፊደል፣ በነጭ ላይ የፈዘዘ ግራጫ ጽሑፍ ሁሉ አብረው ይመጣሉ። ግራጫው በቢሮ ውስጥ ያምራል፤ በአሶሳ የቀትር ፀሐይ ስልኩን ይዞ ለሚያነብ ሰው ግን ጽሑፉ ይጠፋል። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በጽሑፉና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን ይላል፤ ይህን የሚያርመው ሲኤስኤሱን ከፍቶ የቀለሙን መስመር የሚያውቅ ሰው ነው። የማያነብበውን ነገር ማረም የሚችል የለም። አሥራ አምስት ምልክት ያልተማረ ሰው መሣሪያው የሰጠውን ሁሉ እንዳለ ይቀበላል፤ የተማረ ሰው ግን ያሻሽለዋል፣ ካልወደደውም ይጥለዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ በግልጽ መመለስም አለበት። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ብቻ የሚያውቅ ሰው ዛሬ በድረ ገጽ ባለሙያነት አይቀጠርም። በአዲስ አበባም በውጭም ቀጣሪዎች የሚጠይቁት ከዚያ ብዙ ርቆ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ለወጣቶች «ይህን ተማሩ፣ ሥራ ታገኛላችሁ» ማለት ማታለል ነው፤ አንዳንድ ማሠልጠኛዎች በአጭር ኮርስ ምስክር ወረቀት ይህን ተስፋ ሲሰጡ ማየት ያሳስበኛል። የእኔ ክርክር ግን በሥራ ተስፋ ላይ አልቆመም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ለገበሬው የተነገረው ፊደል ብትቆጥር ትቀጠራለህ የሚል አልነበረም። የመሬት ግብር ደረሰኙን፣ የመድኃኒቱን ወረቀት፣ የልጁን ደብዳቤ እንዲያነብ ነበር። ዘመቻው በሂደት ወደ 15 ቋንቋዎች ሰፋ፤ በ1972 ዓ.ም. ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። በዚያ ዘመቻ ላይ የሚነሱ ብዙ ነቀፌታዎች አሉ፤ የአብዮቱ ፖለቲካ በውስጡ ነበረበት። ሰው በራሱ ቋንቋ፣ ለራሱ ጉዳይ ሲማር ግን ትምህርቱ ሩቅ እንደሚሄድ አሳይቷል። የድረ ገጽ ጽሕፈትም ለጤና ጣቢያ ሠራተኛዋ የክትባት ቀናትን፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጸሐፊ የአባላትን ድርሻ፣ ለመምህሩ የአካባቢውን ታሪክ በሥርዓት የማስቀመጫ መንገድ ነው። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ ወደ ሙያው ቢገቡ መልካም፤ ባይገቡም የተማሩት ከንቱ አልቀረም።

ይህን በአሶሳ ትምህርት ቤቶች ለመጀመር አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ምዕራፉ አለ፤ መቀየር ያለበት መልመጃው ነው። የመማሪያው ምሳሌ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የግል መግለጫ ከሆነ መምህሩ ተማሪው ስለ ወረዳው የሚያውቀውን አንድ ነገር በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲጽፍ ያድርግ። ምዘናውም የምልክቶቹን ስም በመጠየቅ ሳይሆን ገጹን በሌላ ተማሪ ስልክ ላይ ከፍቶ በማንበብ ይሁን። ያኔ ሦስት የተለመዱ ስህተቶች ወዲያው ይወጣሉ። አንደኛው ቪውፖርት የሚባለውን አንድ መስመር መርሳት ነው፤ እሷ ከሌለች ስልኩ ገጹን እንደ ኮምፒውተር ሰፊ አድርጎ ያሳንሰዋል፣ ፊደሉም የማይነበብ ይሆናል። ሁለተኛው የፎቶግራፍ ስም ነው፤ በዊንዶውስ ላይ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል እኩል ስለሚታይ ሥዕሉ ይመጣል፣ ገጹ ወደ ኢንተርኔት ሲጫን ግን አብዛኞቹ አገልጋይ ኮምፒውተሮች ሁለቱን ስለሚለዩ ሥዕሉ ይጠፋል። ስሙን ከመነሻው በትንንሽ ፊደል ያለ ክፍት ቦታ መጻፍ ይህን ያስቀራል። ሦስተኛው ከስልክ የተነሳውን ፎቶ ሳያሳንሱ ማስገባት ነው፤ ሦስት ሜጋባይቱ የአንባቢውን ብር ይበላል።

ገጾቹ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ጊትሀብ ፔጅስን በመሳሰሉ ነጻ ማስቀመጫዎች ላይ ያለ ክፍያ ሊወጡ ይችላሉ፤ ለዚህ በወር አንድ ቀን የሚሠራ መስመር ይበቃል። ይዘታቸውን ማን ያረጋግጥ የሚለው ትክክለኛ ስጋት ነው፤ ስለ ተባይ ወይም ስለ መድኃኒት የተጻፈ የተሳሳተ ገጽ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ የግብርና ገጹን የወረዳው ግብርና ባለሙያ፣ የጤናውን የጤና ጣቢያው ባለሙያ ሳያነበው እንዳይወጣ፣ ያየውም ሰው ማዕረግና ቀኑ በገጹ ግርጌ እንዲጻፍ ማድረግ ይገባል። ፋይሎቹ ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ በቀጣዩ ዓመት ያው ክፍል የሚገቡ ተማሪዎች ያለፉትን ከፍተው ያለፈበትን ዋጋ ይቀይራሉ፣ የተሳሳተውን ያርማሉ፣ የጎደለውን ይጨምራሉ፤ የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርታቸውም ይኸው ሊሆን ይችላል።